ላቭላንድ ላይ ስኪ መጀመር፦ ከመጀመሪያው ፒዛ እስከ ገመዱ ማዶ

ኮሎራዶ፣ አውሮራ፣ ሃቫና ስትሪት ላይ ቆማችሁ ወደ ምዕራብ ብታዩ በረዶ የለበሰው ተራራ ከፊታችሁ ነው። እኔ ለስምንት ዓመት ከሩቅ እያየሁት አለፍኩ። ስኪ የሀብታም ጨዋታ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። "እኛ የበረዶ ሰዎች አይደለንም" የሚለውንም ወሬ አምኜ ተቀምጬ ነበር። ሮቤል ተክለማርያም ግን በ2006 ቶሪኖ፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ላይ በተካሄደው የክረምት ኦሊምፒክ በስኪ ለኢትዮጵያ ተወዳድሯል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓቱ ግን በሐበሻ ነው።)

ይህን የምጽፈው ዴንቨርና አካባቢው ለምትኖሩ፣ ስኪ ለመጀመር ለምታስቡ ነው። ቀድማችሁ ጀምራችሁ "አሁን ደግሞ ከሪዞርቱ ውጪ ልሞክር" ለምትሉም ጭምር። ለሁለታችሁም የምለው አንድ ነገር ነው። መጀመሪያ መቆም ተማሩ። መንሸራተቱን ቁልቁለቱ ራሱ ያስተምራችኋል።

ለምን ላቭላንድ?

ላቭላንድ የስኪ ሪዞርት ነው፣ ከዴንቨር 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በአይ-70 አውራ ጎዳና ላይ፣ አይዘንሃወር ዋሻ ከመግባታችሁ በፊት ያለው ነው። መኪናው ዋሻው ውስጥ ሲያልፍ የሪዞርቱ ተራራ ከላያችሁ ነው። ከ1930ዎቹ ጀምሮ ሰው ሲንሸራተትበት ኖሯል። ሆቴል የለውም፣ የሱቅ መንደር የለውም። ነፃ መኪና ማቆሚያ አለው፤ ከመኪናችሁ ወርዳችሁ ሊፍቱ ጋ በእግር ትደርሳላችሁ። ቅዳሜና እሁድ ቤተሰቦች መኪና ማቆሚያው ላይ ሥጋ ሲጠብሱ ታያላችሁ። ማንም ልብሳችሁን አያይም። ለጀማሪ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።

አንድ ነገር ግን አትናቁ፤ ከፍታውን። የሪዞርቱ ሥሩ 3,290 ሜትር ላይ ነው፣ ከእንጦጦ አናት ይበልጣል። የላይኛው ጫፍ 3,965 ሜትር ነው፣ ከሳነቴ ሜዳ ጋር ይቀራረባል። አዲስ አበባ ያደገ ሰው "እኔ ከፍታ ለምጃለሁ" ይላል። ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ዓመታት ከኖርን በኋላ ግን ያ ልማድ አብሮን የለም። ከዋዜማው ጀምሮ ውኃ ጠጡ። ራስ ምታቱ ከጠናና ማቅለሽለሽ ከመጣ ወደ ታች ውረዱ። ጆርጅታውን ከተማ ሃያ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም።

1. መኪናና መንገድ

ከመስከረም 1 እስከ ግንቦት 31፣ እዚህም በፈረንጆቹ ወር፣ በአይ-70 ተራራማው ክፍል ላይ የጎማ ሕግ አለ። የጎማችሁ ጥርስ ቢያንስ 4.8 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ጎማው ራሱ ለበረዶ የተፈቀደ መሆኑን ጎኑ ላይ ያለውን ምልክት እዩ። ካልሆነ ሰንሰለት ያዙ። ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ሳይሞላ ከአውሮራ ካልወጣችሁ መንገድ ላይ ትቆማላችሁ። እኔ ሁልጊዜ 11 ሰዓት ተኩል ላይ እነሳለሁ፣ ሻዩን በቴርሞስ ይዤ። መንዳት የማትፈልጉ ደግሞ በዊንተር ቅዳሜና እሁድ ከዴንቨር ዩኒየን ስቴሽን ስኖስታንግ የሚባል አውቶቡስ አለ። የሚሄድበትን ቀን ቀድማችሁ አረጋግጡ።

2. ልብስና ምግብ

ጂንስ አትልበሱ። ጥጥ ውኃ ይስባል፣ ከዚያ አይደርቅም፣ ሰውነትን ያቀዘቅዛል። ከሥር ቀጭን ሱፍ ወይም የስፖርት ልብስ፣ መሀል ላይ ሹራብ ወይም ፍሊስ፣ ከላይ ውኃ የማያስገባ ጃኬትና ሱሪ። ሱሪውን ከሁለተኛ እጅ ሱቅ ብትገዙት በቂ ነው። ሄልሜትና ጎግል ተከራዩ ወይም ግዙ። በረዶው ፀሐይን መልሶ ወደ ፊት ስለሚወረውር ጥቁር ቆዳም ይቃጠላል። የፀሐይ መከላከያ ቅባት አፍንጫና አገጭ ሥር ጭምር ተቀቡ።

ካልሲ አንድ ብቻ። ይህንን ደግሜ እላለሁ፤ አንድ፣ ቀጭን፣ ረጅም። እኔ የመጀመሪያ ቀን ብርዱን ፈርቼ ሁለት ወፍራም ካልሲ ደረብኩ። እኩለ ቀን ላይ የእግር ጣቶቼ አይሰሙኝም ነበር። አስተማሪዬ ቡቱን አስወልቃ አንዱን ካልሲ አስጣለችኝ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሙቀቱ ተመለሰ። እግር የሚሞቀው በጨርቅ ብዛት አይደለም፣ ደም ሲዘዋወር ነው። ሁለት ካልሲ በጠባብ ቡት ውስጥ ደሙን ያንቃል።

ለምግብ ቆሎ የሚያህል የለም። ኪስ ውስጥ አይደርቅም፣ አይቀልጥም፣ በጓንት ባይሆንም በአንድ እጅ ይበላል። ጭኮ ያለው ሰው ደግሞ ለቀኑ ሙሉ ስንቅ አለው። ቸኮሌት በዚህ ብርድ ድንጋይ ይሆናል።

3. ቡት ማስለካት

ዕቃውን እዚያው መከራየት ትችላላችሁ። ክብደታችሁንና ቁመታችሁን ሲጠይቋችሁ እውነቱን ንገሩ። ስኪው ስትወድቁ ከቡቱ እንዲለቅ የሚያደርገው ማሰሪያ የሚስተካከለው በእሱ ነው። ኪሎ ብትደብቁ እግር ሳይሰበር መልቀቅ ያለበት ሰዓት ላይ ይለቃል ብላችሁ አትመኑ። "ብዙ ጊዜ ሠርቻለሁ" ማለትም እንደዚያው ነው። ጀማሪ ከሆናችሁ ጀማሪ ነኝ በሉ።

ቡት እንደ ስኒከር አይመረጥም። አስገብታችሁ ቀጥ ብላችሁ ስትቆሙ የጣታችሁ ጫፍ የቡቱን ፊት በስሱ ይነካል። ጉልበታችሁን አጠፍ አድርጋችሁ ቅልጥማችሁን ወደፊት ስትገፉ ጣታችሁ ትንሽ ወደኋላ ይሸሻል። ተረከዛችሁ ግን ከታች መነሳት የለበትም። ከተነሳ ቡቱ ሰፊ ነው፣ ቀይሩልኝ በሉ። ሱሪና ካልሲ በቡቱ አፍ ታጥፎ እንዳይገባ በጣታችሁ ዳብሱት። ያቺ ትንሽ እጥፋት እስከ ማታ ቅልጥማችሁን ትልጣለች።

4. የመጀመሪያው ቀን

ላቭላንድ ሁለት መነሻ አለው። አንዱ ቤዚን ነው፣ ዋናው። ሌላው ቫሊ ይባላል፣ ለጀማሪ የተለየ ነው። መካከላቸው ነፃ አውቶቡስ ይመላለሳል። ቀጥታ ቫሊ ሂዱ። የዘመድ ልጅ "እኔ አስተምርሃለሁ" ቢላችሁ አመስግናችሁ ትምህርቱን ክፈሉ። ዘመድ ከላይ አድርሶ "በል ና!" ይላል፤ አስተማሪ ግን ከታች ጀምሮ ያቆማል። ባለፉት ዓመታት ሦስት ትምህርት ለጨረሰ ሰው የወቅቱን ፓስ የሚያካትት ጥቅል ሲሸጡ ቆይተዋል። ከመሄዳችሁ በፊት ድረ ገጻቸው ላይ እዩት።

ትምህርቱ በዚህ ቅደም ተከተል ይሄዳል።

መጀመሪያ በአንድ ስኪ ብቻ ሜዳ ላይ ትንሸራተታላችሁ። ከዚያ በሁለቱ። ከዚያ የምትረግጡት ምንጣፍ የመሰለ ተሸካሚ ወደ ትንሿ ዳገት ያወጣችኋል።

ቀጥሎ መቆም። የስኪዎቹን አፍንጫ አቀራርቡ፣ ጭራቸውን ክፈቱ። ከላይ ሲታይ የፒዛ ቁራጭ ይመስላል፣ ስሙም ፒዛ ነው። የሚያቆመው ግን ቅርጹ ብቻ አይደለም። ትልቁ የእግር ጣት ሥር ያለውን የስኪ ጠርዝ ወደ በረዶው ስትጫኑ ነው። ያኔ ከእግራችሁ ሥር ሽርርር የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። ያንን ድምፅ ፈልጉት። ድምፁ ከሌለ ስኪው ተኝቷል፣ አልያዘም። ሰውነታችሁ ፈርቶ ወደኋላ መቀመጥ ይፈልጋል። ወደኋላ ስትሉ የስኪው ፊት ይቀላል፣ ፍጥነቱ ይጨምራል። ቅልጥማችሁን ቡቱ ላይ አስደግፉና እጆቻችሁን ከፊታችሁ አድርጉ፣ ትልቅ ትሪ እንደያዘ ሰው።

መዞር ከዚህ ይወለዳል። በፒዛው ላይ ሆናችሁ ግራ እግራችሁን ስትጫኑ ወደ ቀኝ ትዞራላችሁ። ቀኙን ስትጫኑ ወደ ግራ። የምታዩበት ቦታ ትሄዳላችሁ፤ ዛፍ እያያችሁ ከዛፍ ለመራቅ አትሞክሩ።

መውደቅ ካልቀረ በጎን ውደቁ። ለመነሳት ሁለቱን ስኪ ከሰውነታችሁ በታች፣ ቁልቁለቱን አግድመው እንዲተኙ አድርጉ። አፍንጫቸው ወደታች ከሆነ ግማሽ ተነስታችሁ ተመልሳችሁ ትሄዳላችሁ።

የወንበር ሊፍቱ ሲመጣ ሁለቱን የስኪ ዘንግ በአንድ እጅ ያዙ፣ ወደኋላ ዞር ብላችሁ ወንበሩን እዩት፣ ጉልበታችሁን ሲነካ ተቀመጡ። ከላይ ስትደርሱ የስኪውን አፍንጫ ቀና አድርጉ፣ መሬት ሲነካ ቁሙ፣ ወንበሩ ይገፋችኋል። ከፈራችሁ ለሠራተኛው "የመጀመሪያዬ ነው" በሉት፣ ያዘገምላችኋል። ይህን ለመጠየቅ ማንም ማፈር የለበትም።

ሕጉ አጭር ነው። ከፊታችሁ ያለው ሰው ቅድሚያ አለው። ከኋላ ያለ ሰው ነው የሚጠነቀቀው። ከጉብታ ሥር፣ ከላይ በማትታዩበት ቦታ አትቁሙ። አረንጓዴ ክብ ቀላል ነው፣ ሰማያዊ ካሬ መካከለኛ፣ ጥቁር ዳይመንድ ከባድ። ሦስት አራት ቀን አረንጓዴው ላይ በፈለጋችሁበት ቦታ መቆም ስትችሉ ብቻ ወደ ቤዚን ተሻገሩ።

5. ከላይ፣ ሸንተረሩ ላይ

ጥቂት ወራት ወይም አንድ ሙሉ ወቅት ከሠራችሁ በኋላ ቼር 9 የሚባለው ሊፍት አለ። 3,870 ሜትር ገደማ ላይ፣ የአሜሪካ ውኃ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ የሚከፈልበት ሸንተረር ላይ ያወጣችኋል። ከዚያ ወደ ከፍተኛው ጫፍ የሚወስድ በሰንሰለት የሚሄድ ትልቅ መኪና አለ። ሪጅ ካት ይሉታል። ያለ ተጨማሪ ክፍያ ነው፣ ግን ከታች ቢሮው ውስጥ ፈርማችሁ የራሱን ፓስ መውሰድ አለባችሁ። ዛፍ የለም፣ ንፋስ ብቻ ነው። ፊታችሁ ላይ አንድ ጣት የምታህል ክፍት ቦታ ብትተዉ ንፋሱ ያገኛታል። ሰማዩ ከተዘጋ ቁልቁሉና ሜዳው አንድ ነጭ ይሆናል፣ መንቀሳቀስና አለመንቀሳቀሳችሁ እንኳ ይጠፋችኋል። እንዲህ ያለ ቀን ላይ አትውጡ።

እዚህ ላይ ገመዱን ታያላችሁ። ቀጭን ገመድ፣ ላዩ ላይ ምልክት። ከገመዱ ወዲህ ያለውን ቁልቁለት የሪዞርቱ ፓትሮል ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ በፈንጂ የበረዶ ናዳውን ቀድሞ አውርዶታል። "ዝግ" የተባለ ቦታ መግባት በኮሎራዶ ሕግ እስከ 1,000 ዶላር ያስቀጣል። ከገመዱ ማዶ ግን ማንም ምንም አልሠራላችሁም።

6. ከገመዱ ማዶ

ብዙ ሰው የሚጀምረው ላቭላንድ ፓስ ላይ ነው። ከሪዞርቱ ተነስቶ በዩኤስ 6 ወደ 3,655 ሜትር የሚወጣው መንገድ ነው። ፎቶ ለመነሳት ሄዳችሁ ይሆናል። መንገዱ ላይ ሰባቱ እህትማማቾች የሚባሉ የናዳ መውረጃዎች አሉ። "መቆም ክልክል" የሚለው ምልክት እዚያ ያለው ለፓርኪንግ ቅጣት ብሎ አይደለም።

ፓሱ ላይ ወርዳችሁ ስታዩ ነጩ ቁልቁለት ላይ የሌሎች ሰዎች ዱካ ይታያል። ልብን የሚያታልለው እሱ ነው። "እነሱ ወርደው የለ?" ያሰኛል። እኔም አንድ ጠዋት ከጓደኛዬ ጋር እንዲሁ ቆመን አይተናል። ዱካው የሚነግራችሁ ግን አንድ ሰው ማለፉን ብቻ ነው። ሁለተኛውን ወይም አሥረኛውን ሰው ይይዝ እንደሆነ አይነግራችሁም።

ምክንያቱ ከሥር ነው። በኮሎራዶ ወቅቱ ሲጀምር የሚወርደው በረዶ ስስ ነው፣ ብርዱ ደግሞ ደረቅና ኃይለኛ። ያ የመጀመሪያ ንብርብር ቀስ በቀስ እንደ ስኳር ይፈረካከሳል፣ እርስ በርሱ አይያያዝም። በላዩ ንፋስ ያጠጋጋው ከባድ በረዶ ይቀመጣል። ወለል ላይ ሽምብራ በትናችሁ ጣውላ እንዳስቀመጣችሁ አስቡት። ጣውላው ሜዳ ላይ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ወለሉ ሲያዘነብልና አንድ ሰው ሲረግጠው ግን ሙሉው በአንድ ጊዜ ይሄዳል። ይህ ስኳር የመሰለ ንብርብር ለወራት ሊቆይ ይችላል። ለዚህ ነው ሰማዩ የጠራና በረዶ ከወረደ የሰነበተ ቀን እንኳ ሰው የሚሞተው።

ሚያዝያ 20 ቀን 2013 ከላቭላንድ ፓስ አጠገብ፣ ሺፕ ክሪክ በተባለው ቦታ ስድስት ሰዎች ናዳ ያዛቸው። አምስቱ ሞቱ። የዕለቱን ማስጠንቀቂያ አንብበው ነበር፣ መሣሪያም ነበራቸው። ያሰቡት ወደተሻለ ቦታ ለመድረስ አደገኛውን ቁልቁለት ከሥሩ ማለፍ ነበር። ናዳው ከላያቸው መጣ። ይህንን ታሪክ የማነሳው ለማስፈራራት አይደለም። ቁልቁለቱ ላይ ሳትሆኑ ሥሩ ሆናችሁም ልታስነሱት እንደምትችሉ እንዲገባችሁ ነው።

እንግዲህ ከገመዱ ማዶ መውጣት የምትፈልጉ፣ እንዲህ አድርጉ።

በመጀመሪያ ትምህርት። የናዳ ደረጃ አንድ ኮርስ ብዙ ጊዜ ሦስት ቀን ነው። ዩቲዩብ አይተካውም። እኔም የምጽፈው አይተካውም።

በየዋዜማው የኮሎራዶ የናዳ መረጃ ማዕከልን ትንበያ አንብቡ። አደጋው በአምስት ደረጃ ይነገራል። ሦስተኛው ደረጃ መሀል ላይ ስለተቀመጠ ብዙ ሰው "መካከለኛ ነው" ብሎ ያልፈዋል። ሰው ናዳውን በቀላሉ ሊያስነሳ የሚችልበት ደረጃ እሱ ነው። ቁጥሩን ብቻ አይታችሁ አትዝጉት፤ በየትኛው አቅጣጫ፣ በየትኛው ከፍታ እንደሚል እዩ። እዚህ ንፋሱ በብዛት ከምዕራብ ስለሚመጣ በረዶውን አንስቶ ምሥራቅ የሚያይ ቁልቁለት ላይ ይከምረዋል።

የቁልቁለቱን ዲግሪ ለኩ። ስልክ ላይ መለኪያ አለ፣ ዲግሪውን በቀለም የሚያሳይ ካርታም አለ። አብዛኛው ናዳ የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ቁልቁለት ነው። ለመጀመሪያ ዓመታችሁ ከ30 በታች ሁኑ፣ ከላያችሁም ከ30 በላይ የሆነ እንዳይኖር እዩ። ከ30 በታች አሰልቺ ነው የሚላችሁን አትስሙ። ባልተነካ በረዶ ላይ 25 ዲግሪ ደስታው ከበቂ በላይ ነው።

እያንዳንዱ ሰው ሦስት ዕቃ ይያዝ፤ ቢከን (በረዶ የቀበረውን ሰው ለማግኘት ምልክት የሚልክና የሚቀበል መሣሪያ)፣ የሚተጣጠፍ መፈለጊያ ዘንግ፣ የብረት አካፋ። አንዱ ከጎደለ ሁለቱ ሥራ የላቸውም። ቢከኑ ከጃኬቱ ሥር፣ ሰውነት ላይ ይታሰራል። ስልክ ከቢከኑ ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፣ ፍለጋ ላይ ደግሞ 50፣ ምልክቱን ይረብሻል። መኪና ማቆሚያው ላይ እርስ በርስ ተፈታተሹ፣ ሁልጊዜ። ብቻችሁን አትሂዱ። ቁልቁለቱን አንድ በአንድ ውረዱ፣ ሌላው ከዳር ሆኖ ዓይኑን አይንቀል።

እየሄዳችሁ እግራችሁ ሥር "ውምፍ" የሚል፣ ከባድ ነገር የተቀመጠ የመሰለ ድምፅ ከሰማችሁ ወይም ከስኪያችሁ ፊት በረዶው ላይ ስንጥቅ ሲሮጥ ካያችሁ እዚያው ቁሙ። ያ ጣውላው ሽምብራው ላይ ሲቀመጥ ነው። በመጣችሁበት ለስለስ ባለው በኩል ተመለሱ። ዛሬ የወረደ ሌላ ናዳ በዓይናችሁ ማየትም ያው ምልክት ነው።

ሰው ከተቀበረ ጊዜው በደቂቃ ነው። በአሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ የወጣ ሰው የመትረፍ ዕድሉ ትልቅ ነው፣ ከዚያ በፍጥነት ይወርዳል። መጨረሻ የታየበትን ቦታ ያዙ። ሌላ ናዳ እንዳይመጣ ላይ እዩ። ሁላችሁም ቢከናችሁን ወደ ፍለጋ ቀይሩ። ስትጠጉ ቢከኑ ላይ የሚታየው የርቀት ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል፤ ወደ መጨረሻው ሲጠጋ ቢከኑን በረዶው ላይ ዝቅ አድርጋችሁ ቀስ በሉ። ትንሹ ቁጥር ጋ ዘንጉን ለበረዶው ቀጥ አድርጋችሁ ውጉ፣ ካላገኘ በ25 ሳንቲ ሜትር እየራቃችሁ ዙሩ። ሰውነት ሲነካ ድንጋይም በረዶም አይመስልም፣ ለስለስ ብሎ ይመልሳል። ዘንጉን አትንቀሉ። ከላይ ወደታች አትቆፍሩ፤ ከቁልቁሉ በኩል ፈንጠር ብላችሁ ወደ ጎን ቆፍሩ። የቆመ በረዶ ሲሚንቶ ስለሚሆን አካፋው ብረት የሆነው ለዚህ ነው። መጀመሪያ አፍና አፍንጫ አስለቅቁ። ብዙ ከሆናችሁ አንዱ ወዲያው 911 ይደውል። ኮሎራዶ ውስጥ የተራራ ነፍስ አድን ቡድኖች በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ ገንዘብ አይጠይቁም። ሂሳቡን ፈርታችሁ አትዘግዩ።

ያን ጠዋት ፓሱ ላይ ከጓደኛዬ ጋር ትንበያውን እንደገና ከፈትነው። ምሥራቅ የሚያየው ቁልቁለት ሦስተኛ ደረጃ ነበር። ዱካዎቹም ያሉት እዚያው ላይ ነበሩ። ሻያችንን መኪና ውስጥ ጠጣን፣ ወረድንና ቤዚን ላይ ስንንሸራተት ዋልን።

7. ስትመለሱ

ከ8 ሰዓት በፊት ውጡ ወይም እስከ 12 ሰዓት ቆዩ፤ መሀሉ ላይ አይ-70 አይንቀሳቀስም። የራሳችሁ ቡት ካላችሁ ቤት ስትገቡ የውስጡን ገበር አውጥታችሁ አድርቁት፣ ማሞቂያ ላይ ግን አታስደግፉት። የስኪውን ጠርዝ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፣ አለበለዚያ በማግስቱ ዝጎ ታገኙታላችሁ። ቢከኑን አጥፉ፣ የባትሪውን ፐርሰንት እዩ። ወቅቱ ሲያልቅ ደግሞ ባትሪውን አውጡለት፤ በጋውን ሙሉ ውስጡ ከከረመ ፈስሶ መሣሪያውን ያበላሸዋል።